መንገዱ ባዶ ነበር

የይማም ሥራ መቀመጥ ነበር።

ጠዋት ጋቢናው ላይ ይወጣል፤ ቀበቶውን ያስራል፤ ሁለት እጁን፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ጭኑ ላይ ያኖራል፤ ዓይኑን መንገዱ ላይ ይተክላል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለም። መኪናው ራሱ ይነሣል፣ ራሱ ይታጠፋል፣ ራሱ ይቆማል። መሪው የማይታይ ሰው የያዘው ይመስል ፊት ለፊቱ ብቻውን ወዲህና ወዲያ ይላል። ይማም መሪውን መንካት አይፈቀድለትም። ማንቀላፋት አይፈቀድለትም። በጎን መስኮት አሻግሮ ማየትም፣ ከአንድ ትንፋሽ ከረዘመ፣ ያስጠይቃል።

የአገሩ ስም ሌላ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን «ማዶ» ይሉታል። በማዶ ሕግ ሰው ያልተቀመጠበት ከባድ መኪና አውራ ጎዳና አይወጣም። ሰው የሚያስፈልገው ለመንዳት ሳይሆን አንድ ነገር የደረሰ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ማሽን አይታሰርም፣ አያፍርም፣ የሚናፍቃቸው ልጆች የሉትም። ስለዚህ የመኪኖቹ ኢንሹራንስ ልጆች ያሏቸውን ሰዎች ፈለገ፤ ከደሴ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ እየመለመለ ባሕር አሻገረ። የሥራ መጠሪያቸው «ተጠያቂ» ነው። አገር ቤት ሲደውሉ ግን ሁሉም «ሹፌር ነኝ» ይላሉ።

የይማም አባት ሹፌር ነበሩ፣ የእውነት ሹፌር። ጸጉራቸው የሸበተው በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዱ ነው። ይማም እግሩ ፍሬን ሳይደርስ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪ አስይዘውታል። በእሳቸው ዘመን ሰው የገጨ ሹፌር መጀመሪያ ከሕዝቡ ይሸሻል፤ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እጁን ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ተጎጂው ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ይቆማሉ፤ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ይላሉ። ሐዘንተኛው ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ በመጨረሻ «ተቀመጡ» ይላል። ሲቀመጡ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

በማዶ ይህን ሁሉ ኢንሹራንሱ ጠቅልሎ ይዞታል። የአበሻንም ጠባይ አጥንቷል። ለአንድ ሰው ለብቻው ዋስትና አይገባም፤ ሃያ ሰዎች እርስ በርስ ዋስ ሲሆኑ ነው የሚገባው። ወሎዬዎቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ይሄማ ቅሬ ነው!» አሉ። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲቸገር የሚደርስለት፣ የአገር ቤቱ ቅሬ። ኢንሹራንሱም ስሙን ወደደው፤ ማስታወቂያው ላይ ሳይቀር «ቅሬ» ማለት ጀመረ። ቅሬው ዋስ የሆነለት ሰው ምልክት ይቀበርለታል፤ ከአንገቱ አጥንት ሥር የምትገባ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር። መኪኖች ሰውን የሚያውቁት በእሷ ነው። ምልክት ያለው ሰው እግሩን አስፋልት ላይ ሲያሳርፍ ከሩቅ ይቆሙለታል። ምልክት ስለሌለው ሰው በሥልጠናው ላይ የተነገረ ነገር አልነበረም፤ የጠየቀም የለም።

ይማም ለመውሊድ አገሩ ሊገባ ነበር። ልጁ ሐያት እሱ ሲሄድ እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች፤ አሁን የወተት ጥርስ ነቅላለች። አንድም ቀን ሳይጠየቅ ኮንትራቱን የጨረሰ ሰው በክብር ይሸኛል፤ የተጠየቀ ግን ጥያቄው እስኪዘጋ ከማዶ ንቅንቅ አይልም። ሐያት ይህን አታውቅም። በደወለች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤

«አባ፣ ስትመጣ መሪ ታስይዘኛለህ?»

«አስይዝሻለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

አደጋው የደረሰው በቀትር ነው፤ የማዶ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሰዓት። ይማም መጀመሪያ ያየው ቢጫ ጄሪካን ነበር። ቀጥሎ ጄሪካኑን ያንጠለጠለውን ሰው አየ። ሰውዬው ከአሸዋው ወጥቶ አስፋልቱን እያቋረጠ ነበር፤ በዝግታ፣ ጥም እንዳዞረው ሰው፣ ግራና ቀኝ ሳያይ።

ይማም የመኪናው ፍጥነት እስኪበርድ ጠበቀ። መኪናው አልበረደም። ስክሪኑ ላይ መንገዱ በአረንጓዴ መስመር ተዘርግቷል፤ ጄሪካን የለም፣ ሰው የለም። ይማም ከስክሪኑ ወደ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወደ ስክሪኑ ተመላለሰ። በመስታወቱ በኩል ሰውዬው እያደገ መጣ። በስክሪኑ በኩል መንገዱ እንዳማረበት ነበር።

ከዚያ እጁ ከጭኑ ላይ ተነሣ። ቆይቶ ሲያስበው እሱ ያዘዘው አይመስለውም፤ የአባቱ እጅ ይመስለዋል። መሪው ተንገራገረ፣ ታገለው፣ ተሸነፈ። ጋቢናው ሰውዬውን ስቶ አለፈ፤ የተሳቢው ጭራ ግን እግሩን ነካው። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ አሸዋውን አረሰና አንድ የመንገድ ምሰሶ ጥሎ ቆመ። ምሰሶው ሲወድቅ በዚያ መስመር ላይ ያለ መኪና ሁሉ ባለበት ደረቀ።

«ይማም፣ ወንድምዓለም፣ አብሽር» አለ ከስክሪኑ የሚወጣው ድምፅ። የኢንሹራንሱ ድምፅ የሴት ነው፤ የወሎ አነጋገር ያለው፣ ቅሬው ራሱ ተሰብስቦ የመረጠው። «ተጎዳህ?»

«ሰው ገጨሁ!»

«መንገዱ ባዶ ነበር፣ ይማም።»

«ሰው ነው የምልሽ! ይኸው ወድቋል፣ ይታየኛል!»

«መንገዱ ባዶ ነበር። መሪውን ነክተሃል። ከወንበርህ አትነሣ፤ መኪና የሚያነሡ እየመጡ ነው።»

ይማም ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ።

ሰውዬው በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ያያል። እድሜው እንደ ይማም ነው፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች መሄድ ወደሌለበት አቅጣጫ ሄዷል።

«ጄሪካኔ» አለ በአማርኛ። «ፈሰሰ?»

ይማም አጠገቡ ተንበረከከ። «የት ልጅ ነህ?»

«የሐርቡ» አለ ሰውዬው። «እንድሪስ እባላለሁ። ፈሰሰ እንዴ?»

ከኋላ ቆሞ የቀረው መኪና የዘምዘም ነበር። ዘምዘም የቅሬው አባል ናት፤ አንደበቷን የማይፈራ የለም። ሽርጧን ሰብስባ በሩጫ ደረሰች።

«አንተ ልጅ፣ መሪ ነካህ?» አለች ገና ከሩቅ። «ለመውሊድ ልትገባ? አብደሃል ወላሂ፣ አብደሃል!» ከዚያ መሬት ላይ ያለውን አየች። «ምልክት አለው?»

«ቢኖረው መኪናው ይቆምለት አልነበር?»

ዘምዘም ተንበረከከች። እሷም እስከዚያች ቀን ያን ነገር በቃል ሰምታው አታውቅም። የእንድሪስን ግንባር በመዳፏ ዳሰሰች። «እኔ የምለው» አለች፣ «ገጭተህ ነው ወይስ እንግዳ ተቀብለህ? በል በብብቱ ያዝ፣ እኔ እግሩን እደግፋለሁ። መኝታዬ ውስጥ እናስገባው።»

ከወንበር ኋላ ያለችው መኝታ የካሜራ ዓይን የላትም፤ የማዶ ሕግ የተኛን ሰው ማየት ነውር ነው ይላል። እንድሪስ በዚያ ተጋድሞ፣ በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ ወደ ቅሬው ቤት ገባ።

የቅሬው ቤት ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ጌጡ ናቸው። በወጣትነታቸው የይማም አባት ረዳት ነበሩ፤ ይማም ማዶ ሲመጣ ዋስ የሆኑት እሳቸው፣ አቀማመጡን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። «እጅህ ዱዓ እንደያዘ ሰው ይሁን» ይላሉ ለአዲስ ሰው ሁሉ፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኙም። «መዳፉ ወደ ላይ ያለ እጅ መሪ ሊይዝ አይቸኩልም።»

እንድሪስን ሲያዩ ብዙ አልጠየቁም። ወጌሻነት የሚያውቅ ሰው አስጠሩ፣ ውሃ አስመጡ። ከዚያ ይማምን ወደ ጥግ ወሰዱት።

«አብሽር ልጄ። የአባትህን ጨው በልቻለሁ። ሰውዬው ይዳን፤ ይመሰክርልሃል።»

የነገሩ መውጫ ያ ብቻ ነበር። በማዶ ሕግ ተጠያቂ በራሱ ላይ እንጂ ለራሱ አይመሰክርም። ማሽኑ ያላየው ሰው መንገድ ላይ እንደነበረ ለማስረዳት ያ ሰው ራሱ ቀርቦ «ነበርኩ» ማለት አለበት። «ነበርኩ» ያለ ሰው ግን ምልክት ስለሌለው በማግስቱ ወደ መጣበት ይመለሳል።

እንድሪስ ይህን ሲነገረው ለአፍታም አላመነታም። የይማምን ጉልበት ሊስም ከተኛበት ተንጠራራ።

«ተው፣ እኩያህ ነኝ» አለው ይማም።

«ሁለቴ ነው የተወለድኩት» አለ እንድሪስ። «አንዴ ከእናቴ፣ አንዴ ካንተ። ብመለስ ምን ይመጣል? የሐርቡ መሬት እንደሆነ የትም አልሄደ። እግሬ መሬት ይርገጥ እንጂ በእንብርክኬም ቢሆን ሄጄ እናገራለሁ።»

ጥያቄው የሚሰማበት ቀን እስኪደርስ ይማም ከወንበሩ ታገደ። መኪናው ወደ ጥገና ሄደ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል፣ አንድ ትሪ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ተጋሩ። እንድሪስ ሁለት ልጆች አሉት፤ ትንሹ የአባቱን ስም መጥራት ሳይችል ነው እሱ ከአገር የወጣው። ባሕሩን በምን እንደተሻገረ ተጠይቆ አንድ ጊዜ መናገር ጀመረና አቆመው፤ አልደገሙትም። አመሻሽ ላይ ዱላ ተደግፎ ደጅ ይወጣና ከሥራ የሚገቡትን ያያል።

«እንዴት ነው የሚቀመጠው?» አለ አንድ ቀን።

«ምን ማለት ነው እንዴት?»

«ሥራው። አሳየኝ እስቲ።»

ይማም አንድ አሮጌ ሣጥን ገልብጦ አስቀመጠው። ጀርባውን አቀናለት፣ አገጩን ከፍ አደረገለት፣ መዳፎቹን ገልብጦ ጭኑ ላይ አኖረለት። «ዓይንህ ፊት ለፊት። ዝንብ ብታርፍብህ አታባርርም።»

እንድሪስ ተቀመጠ። ዝንብም አረፈችበት። አላባረራትም። ዘምዘም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ይኸው! ከሐርቡ ድረስ መቀመጥ ሊማር መጣ!» ደጁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ጌጡም ሳቁ። ቆይተው ግን ጠጋ ብለው የእንድሪስን ክርን ትንሽ ወደ ውስጥ አስተካከሉለት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የይማም በር ተንኳኳ። ጋሽ ጌጡ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል፤ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተዋል። አንደኛው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከደጅ እስከ በሩ ለመድረስ እንኳ የሰው ትከሻ ይፈልጋሉ።

«ግቡ፣ ግቡ» አለ ይማም ደንግጦ። ምንጣፉን አራገፈ። «ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጌጡ። «ልንለምንህ ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«እሺ በለን።»

ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። የታመሙት ሽማግሌ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግድግዳውን ለመደገፍ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ ለልመና የመጣ ሰው አይደገፍማ። ይማም በሕይወቱ ሽማግሌ አቁሞ አያውቅም። የአባቱ ልጅ ነው፤ ሲያድግ ያየው ቁጣው እስኪበርድለት ሽማግሌ ያቆመ ሰው በኋላ በሰፈሩ ስሙ እንዴት በክፉ እንደሚነሣ ነው። ደግሞ ጋሽ ጌጡ ናቸው። ምን ክፉ ነገር ይዘው ይመጣሉ? ምናልባት ትንሽ ታገሥ ሊሉት ነው፤ ምናልባት ከዘምዘም ጋር የተጣላ ሰው አለና እንዲያስታርቅ ሊጠይቁት ነው።

«እሺ ብያለሁ» አለ። «በአላህ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ።

ጋሽ ጌጡ ውሃ ጠጡና ተናገሩ። ምልክት የሌለው ሰው ያስጠጋ ቅሬ ይፈርሳል፤ ኢንሹራንሱ አዲስ ደንብ አውጥቷል። እንድሪስ «ነበርኩ» ካለ፣ «እስካሁንስ የት ነበርክ?» ይባላል። ቅሬው ከፈረሰ ሃያውም ወንበር ይወሰዳል፣ ሃያውም ምልክት ይወጣል።

«ሃያ ቤት ነው፣ ይማም። ሃያ ቤት አንተን ያያል።»

«ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ?»

«ተኝቼ ነበር በል። እጄ መሪውን የነካው በእንቅልፍ ልቤ ነው በል። የእንቅልፍ ቅጣት ቀላል ነው፤ አሸዋ ጠርገህ ትወጣለህ። እስክትወጣ ቤትህን እኛ እናያለን። ወንበርህም ይጠብቅሃል፤ ቃሌ ነው።»

«ለመውሊድ እኮ ልጄን...»

«የሚመጣውም መውሊድ ነው።»

ይማም ምንጣፉን አየ። በአባቱ ዘመን ሽማግሌ የሚላከው ከገጨው ወደ ተገጨው ነበር። አሁን ወደ እሱ ተልኮ መጣ። «እንድሪስስ ምን አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አለቀሰ» አሉ ጋሽ ጌጡ።

«አልቅሶስ?»

«ይማም፣ እሺ ብለኻል» አሉት፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻል ነበር።

ሲወጡ ሸኝቷቸው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የእንድሪስ ፍራሽ ተጠቅልሎ መቀመጡን አሁን ልብ አለ። ለደኅንነቱ ሲባል ወደ ሌላ ቤት ተወስዷል አሉት። ዱላው በሩ ጥግ ቀርቷል፤ ያለዱላ መሄድ መጀመሩን ይማም ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ዘምዘም ወሬውን ስትሰማ እንደ ማዕበል ገባች።

«እንቢ በል! አሁንም አልረፈደም፣ እንቢ በል!»

«ቆመው ነበር እኮ፣ ዘምዘም።»

«ይቁሙ! እግር የተሰጣቸው ለምን ይመስልሃል?»

«ጋሽ ጌጡን አቁሜ? አባቴ ቢያዩኝ...»

«አባትህ ቢሆኑ መጀመሪያ ለምን እንደመጡ ይጠይቁ ነበር።» ከዚያ ቁጣዋ ደከመ፤ በሩ ላይ ተቀመጠች። «እንድሪስን ነው የምትጠብቀው አይደል? በራሱ ይመጣል ብለህ። ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምክ ነው፣ ወንድሜ።»

 እውነቷን ነበር፤ ይማም እየጠበቀው ነበር።

ጥያቄ የሚሰማበት ክፍል ባዶ ነው፤ መሐሉ ላይ ልክ እንደ መኪናው ያለ ወንበር አለ። ይማም ተቀመጠ። እጁ በልማድ መዳፉን ገልብጦ ጭኑ ላይ አረፈ።

«እንዴት ዋልክ፣ ይማም?» አለ ድምፁ። «ሐያት ደኅና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ምስክር አለህ?»

ይማም ወደ በሩ ዞረ። በመንገድ ላይ ቢሆን ይህ ያስጠይቅ ነበር፤ እዚህ ግን ድምፁ ጠበቀው። ከበሩ ውጪ ኮሪደር አለ። ኮሪደሩ ላይ የሰው እርምጃ ይሰማል፤ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው እርምጃ መሰለው። እርምጃው ቀረበ፣ በሩ አጠገብ ደረሰ፣ አለፈ።

«የለኝም።»

«መሪውን ለምን ነካህ?»

«ተኝቼ ነበር።»

 «ዓይንህ ክፍት ነበር» አለ ድምፁ።

ይማም ከወንበሩ ቀና አለ።

«ታዲያ ካወቃችሁ... ያየሁትንም ታውቃላችሁ ማለት ነው።»

«መንገዱ ባዶ ነበር። ዓይንህ ክፍት ነበር። አንተ ግን ተኝቼ ነበር ብለሃል፤ የሚያስፈልገን መልስ ነው፣ ወንድምዓለም፤ መልስ ተገኝቷል። አብሽር። ሌላ ጥያቄ አለህ?»

«ወንበሬስ?»

«ወንበሩ የቅሬው ነው። ቅሬው ያውቅበታል።»

ምልክቱን ከአንገቱ ሥር ያወጡለት ዕለት አላመመውም። ለሐያት ደወለ፤ የሚመጣው መውሊድ አላት። «መሪውስ?» አለችው። «እሱም ያኔ» አለ። ወላሂ በል አላለችውም።

የጠራጊዎች ሥራ ነፋስ አስፋልቱ ላይ የሚያለብሰውን አሸዋ መመለስ ነው። ነፋሱ ደግሞ ሁሌም አለ። ጠራጊዎች ምልክት ስለሌላቸው መኪኖች አያውቋቸውም፤ ስለዚህ በጆሮ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ አስፋልቱ ከእግር ሥር ይነዝራል፤ ቀጥሎ ጩኸት ይመጣል፤ በሁለቱ መካከል ወደ ዳር መውጣት ነው። ማታ ማታ፣ ከመብላታቸው በፊት፣ ድምፁ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርቶ «ዛሬ መንገዱ ላይ ምን ነበር?» ይላል። የሞተ ግመል፣ የወደቀ ጎማ፣ የተሰነጠቀ አስፋልት ይናገራሉ። ጥሩ የተናገረ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል።

ከቅሬው ሊጠይቀው የመጣ ሰው የለም። የሚያያቸው በመኪናቸው መስታወት በኩል ነው። የሚያውቃቸው ሰዎች ዓይናቸውን ተክለው፣ መዳፋቸውን ገልብጠው፣ አጠገቡ ያልፋሉ። ዘምዘም ብቻ ስታልፍ ከጭኗ ላይ አንድ ጣት ታነሣለች። ከዚያ በላይ ያስጠይቃል። ይማም ያቺን ጣት መጠበቅ ለመደ፤ ባየበት ቀን ምግብ ይበላል።

የእሱ መኪና ግን አላለፈም። ከመስታወቱ ሰማያዊ መቁጠሪያውን፣ ሙሰብሃውን፣ አንጠልጥሎበት ነበር፤ ከሩቅ ያውቀዋል። ሳምንታት ሄዱ፣ ሙሰብሃው አልታየም። ይማም በዚህ ተጽናና። ጥገናው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው የማይወጣው፤ ጋሽ ጌጡ ቃላቸውን ጠብቀዋል። አንዳንድ ቀን በልቡ ይቅርታ ይጠይቃቸው ነበር።

በአንድ ቀትር አስፋልቱ ነዘረ። ይማም ወደ ዳር ሊወጣ አንድ እግሩን አንሥቶ ሳለ ቀና አለ፤ ሰማያዊዋ ነገር ከመስታወቱ ላይ ስትወዛወዝ አየ። መኪናው ነው። ከዚያ በኋላ ከሙሰብሃው ኋላ ያለውን አየ። ወንበሩ ላይ ሰው አለ፤ ጀርባው የቀና፣ አገጩ ከፍ ያለ፣ ክርኑ ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ።

እንድሪስ ነበር። ይማም ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። የተኛ ሰው ሲጠየቅ ወንበር ይለቀቃል፤ በተለቀቀው ወንበር ቅሬው ዋስ ይሆንና አዲስ ሰው ምልክት ያገኛል፤ ምልክት ያለውን ሰው ደግሞ ማን ደበቀው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ደጁ ሲቆሙ ይህን ይዘው ነው የቆሙት። ጋሽ ጌጡ ያን ክርን ያስተካከሉት ከዚያም በፊት ነው።

ያነሣትን እግር መሬት ላይ መለሳት። መሞት ፈልጎ አልነበረም፤ ቢጠይቁት እንዲህ ብሎ ይምላል። የእንድሪስን እጅ ማየት ፈልጎ ነው። መጥረጊያውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በመስመሩ መሐል ቆመ። መኪናው አልበረደም፤ በእሱ ስክሪን ላይ መንገዱ አረንጓዴ ነው። እንድሪስ ግን መስታወት አለው። አየው። አፉ ተከፈተ፤ ይማም የራሱን ስም ከንፈሩ ላይ አነበበ። ጭኑ ላይ ያሉት ጣቶች ሲንቀጠቀጡ አየ። ተንቀጠቀጡ፣ ተንቀጠቀጡ፣ አልተነሡም።

ይማም ራሱን ወደ አሸዋው ወረወረ። የተሳቢው ነፋስ አንከባለለው። መጥረጊያው ጎማው ሥር ገብቶ ተሰባበረ።

ማታ ድምፁ በተራ ጠራቸው። አንዱ ስለ ጎማ ተናገረ፣ አንዱ ስለ አሸዋ ክምር። ይማም መሬት ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። አሁን ምስክር አለው። ምልክት ያለው፣ ስም ያለው፣ የት እንደሚገኝ የታወቀ ምስክር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እንድሪስ ይጠራል፣ ቅሬው ይፈርሳል፣ ጋሽ ጌጡ በስተርጅና ወደ ከሚሴ ይመለሳሉ። እሱ ደግሞ ምናልባት ለመውሊድ ይደርሳል። ዘምዘምም ትመለሳለች፤ ያቺ ጣት በዚህ መንገድ ላይ ዳግም አትነሣም። የእንድሪስ ትንሹ ልጅ እስካሁን የአባቱን ስም መጥራት ችሎ ይሆናል።

«ይማም፣ ወንድምዓለም» አለ ድምፁ። «ዛሬ መንገዱ ላይ ምን ነበር?»

ጉሮሮው ውስጥ አሸዋ ነበረ። ዋጠው።

«መንገዱ ባዶ ነበር።»

«እናመሰግናለን። አብሽር።»

ድምፁ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ይማም ዝቅ ብሎ እጆቹን አየ። መዳፋቸው ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ዱዓ እንደያዘ ሰው፣ ጭኑ ላይ ተቀምጠዋል። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ገለበጣቸውና ጉልበቱን ጨብጦ ያዘ፣ መሪ እንደሚያዝ።